ሞተር ላይ በምን እንስማ? ከአሶሳ ሞተረኞች ለሞተረኛ ወንድሞች



እኛ አሶሳ ውስጥ ሞተር የምንነዳ አራት ጓደኛሞች ነን። አንዳችን ዕቃ ያደርሳል፤ አንዳችን አስተማሪ ነው፤ አንዳችን ማንጎ ከገጠር ወደ ገበያ ያመላልሳል፤ አራተኛችን ጎማ ይጠግናል። ሥራችን ቢለያይም መንገዳችን አንድ ነው፦ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ሆሞሻ፣ አንዳንዴም እስከ ኩርሙክ። ረጅም መንገድ ብቻውን የሚነዳ ሰው የሚሰማው ነገር ይፈልጋል። መንገዱ ያጥራል፣ እንቅልፍም አይጫነውም።

የምንሰማው ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአንዳችን ቤተሰብ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ የመጣ ስለሆነ ጆሮው መንዙማ ነው የለመደው፤ የሼህ ሙሐመድ አወል ሐምዛን ድምፅ ሳይሰማ አይውልም። አንዳችን በርታ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ዐረብኛም ይነገራል፣ የሱዳን ዜማም ይሰማል፣ የዋዛ ቅጂም ስልኩ ላይ አለው። አስተማሪው ሙሐደራና ቂርአት ያዘወትራል። አራተኛው ያገኘውን ሁሉ ይሰማል። ሙዚቃ ይፈቀዳል አይፈቀድም ለሚለው ጥያቄ ዑለማዎች ስላሉን እኛ እዚህ አንገባበትም። የዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነው፦ የምንሰማውን ነገር ሞተር ላይ ሆነን በምን እንስማው?

ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። ከወራት በፊት ለየራሳችን የሆነ ነገር ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ስንጀምር ግን ነገሩ ጆሮንም፣ ሕይወትንም፣ የሰውን ሐቅም የሚነካ ሆኖ አገኘነው። ብዙ ተከራከርን፤ መካኒክም ኤሌትሪሺያንም ጠየቅን፤ አነበብንም። የደረስንበትን ለእናንተ እናካፍላለን።

✦ መጀመሪያ ነፋሱን እንወቅ

ብዙዎቻችን ሞተር ላይ ድምፅ የማይሰማን በሞተሩ ጩኸት ምክንያት ይመስለናል። ቀስ ብለን ስንነዳ እውነት ነው። ፍጥነታችን በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ግን ጆሮን የሚሞላው የነፋሱ ጩኸት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሄልሜት ውስጥ ያለው የነፋስ ድምፅ ወደ 100 ዲሲቤል ይጠጋል።

ይህ ምን ማለት ነው? የሥራ ቦታ ደኅንነት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንድ የታወቀ ስሌት አለ። 85 ዲሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል። ከዚያ በላይ ድምፁ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዲሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዲሲቤል 2 ሰዓት፣ በ94 ዲሲቤል 1 ሰዓት፤ 100 ዲሲቤል ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። ልብ በሉ፣ እስካሁን ምንም አልከፈትንም። ይህ ነፋሱ ብቻውን የሚያደርገው ነው። መንዙማውን ለመስማት ስንል ደግሞ ከነፋሱ በላይ እናስጮኸዋለን።

ሌላም ነገር አለ። የነፋሱ ድምፅ ወፍራም ጉምጉምታ ስለሆነ በመጀመሪያ የሚውጠው ቤዙን ነው። ስለዚህ «ቤዙ ይመታል» ተብሎ የሚሸጥልን ስፒከር መንገድ ላይ ያ ቤዝ አይሰማም፤ ባትሪ ብቻ ይበላል። የሰው ድምፅ ግን መካከለኛ ስለሆነ በነፋስ ውስጥም ይለያል። መንዙማ፣ ቂርአትና ሙሐደራ ለሚሰማ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ቤዙን ቀንሶ መካከለኛውን ከፍ ማድረግ ድምፁን ሳያስጮህ ያጠራዋል።

✦ ምርጫዎቹ

አንደኛው መሪ ላይ ወይም ስፖኪዮ ሥር የሚታሰር ስፒከር ነው። ከተማ ውስጥ በብዛት የምናየው ይህን ነው። ማንጎ ነጋዴው ጓደኛችን የፈለገውም ይህንኑ ነበር፤ «ገበያ ስገባ ሰው ይወቀኝ» ይላል። ችግሩ ርቀቱ ነው። ድምፅ ከምንጩ በእጥፍ በራቀ ቁጥር በ6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ መሪው ደግሞ ከጆሮ የክንድ ያህል ይርቃል። በመካከሉ ነፋስ አለ፣ ጆሮውም ሄልሜት ውስጥ ነው። ድምፁን በ10 ዲሲቤል ለመጨመር የአምፑ ኃይል አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ መሪ ላይ ያለ ስፒከር ከነጂው ይልቅ የሚሰማው መንገድ ዳር ለቆመው ሰው ነው።

ሁለተኛው ኢርፎን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሁላችንም ኪስ አለ። ጆሮን ስለሚደፍን በትንሽ ድምፅም ይሰማል። ግን ሄልሜት ሲጠለቅ ይወልቃል ወይም ጆሮ ያሳምማል። ከሁሉም በላይ ከኋላ የሚመጣውን ይሸፍናል። በባምባሲ መንገድ ላይ ዓይናችን ያየውን እንንገራችሁ። አንድ ልጅ ሁለቱንም ጆሮውን ደፍኖ ከፊታችን ይነዳል። ከኋላው አይሱዙ መጣ፤ ክላክስ አደረገ፣ ደገመ፣ ሠለሰ። ልጁ ምንም ሳይሰማ ወደ ግራ ታጠፈ። ሾፌሩ መኪናውን ከአስፋልት አውጥቶ ጠጠር ላይ አቆመ። አልሐምዱሊላህ፣ የተጎዳ አልነበረም። ልጁ ዞር ብሎ መኪናውን ያየው ከቆመ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ሄልሜት ውስጥ የሚገጠም ብሉቱዝ ስፒከር ነው። ስስ ክብ ስፒከሮች ከጆሮ ትይዩ ባለው ስፖንጅ ሥር ይለጠፋሉ፤ መቆጣጠሪያው ከውጭ በኩል ይታሰራል። ለጆሮ ቅርብ ስለሆነ ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ ጆሮን ስለማይደፍን የውጭውም ድምፅ ይገባል፤ ጓንት ባጠለቀ እጅ በአንድ ቁልፍ ይዘጋል። ጉድለቱ ስፒከሩ በትክክል ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ካልተቀመጠ ድምፁ መጥፋቱ ነው። ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ከተለጠፈ ሰው «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል፤ ነገር ግን ቦታውን ማስተካከል ብቻ ይበቃዋል።

አራተኛው ምንም አለመስማት ነው። አትሳቁ፤ ይህም ምርጫ ነው፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

✦ ስለ ኤሌትሪኩ

መሪ ላይ ስፒከር ለሚገጥሙ ወንድሞች ሁለት ቃል አለን።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ። የሞተር ባትሪ 12 ቮልት ነው። ስፒከሩ ይዞት የመጣው ፊውዝ 2 አምፔር ከሆነ 12 ሲባዛ በ2፣ 24 ዋት ነው። ካርቶኑ 500 ዋት ቢል ፊውዙ ራሱ ሐሰት መሆኑን ይመሰክራል። የትናንሽ ሞተሮች ባትሪም ትንሽ ነው። 5 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 20 ዋት ቢጎተትበት ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ጠዋት በእግር መርገጥ ነው።

ገመዱን ከመብራት ወይም ከክላክስ ላይ አትቀጥሉ። ክላክስ ሕይወት ያድናል፤ ለዘፈን ተብሎ የሚደክም ክላክስ አያስፈልግም። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ገመዱ በቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ መስመር ላይ ይግባ፤ መሪው በሚዞርበት ቦታ እንዳይፋቅ ይሸፈን። የእኛ አገር ክረምት ረጅም ነው፤ የተላጠ ገመድ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ከቤንዚን ታንከር በታች መሆኑን አስቡት። ስፒከር ስትገዙም አይፒ 67 የሚል ምልክት ፈልጉ። 6ቱ አቧራ አያስገባም፣ 7ቱ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው።

ስልካችሁንም መሪ ላይ አትሰሩት። የአይፎን አምራች ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. የሞተር ሳይክል ንዝረት የስልክ ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ስልክ ቦታው ኪስ ነው።

✦ ጆሮ አማና ነው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዕቃ የሚያደርሰው ጓደኛችን 24 ዓመቱ ነው። ከሁላችንም በላይ ሞተር ላይ የሚውለው እሱ ነው፤ ዳቦውም ሞተሩ ነው። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ማታ ሲተኛ ጆሮው ይጮኻል። እናቱ ከጓዳ ስትጠራው አይሰማም፤ «ልጄ ኮራብኝ» ብላ ለአንዳችን ነገረችን። አልኮራባትም፤ አልሰማትም። ሐኪም ዘንድ ሄደ። የተነገረው አጭር ነው፦ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብቅ።

ምክንያቱም ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ከተጎዱ በኋላ ሰው ላይ እንደገና አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በአደገኛ የማዳመጥ ልማድ ምክንያት የመስማት ችሎታቸው ለአደጋ መጋለጡን ይናገራል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ከሞተር ከወረዳችሁ በኋላ ጆሯችሁ ከጮኸ ወይም ሰው ሲያናግራችሁ ጥጥ የተወተፈ ከመሰላችሁ፣ ጆሮ ሐቄን ስጡኝ እያለ ነው።

ይህ ወንድማችን ከመካከላችን ትልቁን ስፒከር የፈለገውም እሱ ነበር፤ ጆሮው ስለደከመ። ክርክራችን ሁሉ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ «የቱ ይጮኻል?» ማለት ትተን «የቱ በዝቅተኛ ድምፅ ይሰማል?» ብለን መጠየቅ ጀመርን።

መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል። ለስላሳ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ከሄልሜቱ ስፒከር ጋር አብሮ ይሠራል። መድፈኛው ነፋሱንም፣ ክላክሱንም፣ ሙሐደራውንም አንድ ላይ ይቀንሳል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ስለሚቆይ ክላክሱ ከነፋሱ ተለይቶ ይሰማል። ክላክስን የሚደብቀው ከላይ የምንጨምረው ጩኸት ነው።

✦ የመንገድ ሐቅ

ድምፅ ከራሳችን አልፎ ሰው ጋ ይደርሳል። ከተማ ውስጥ ስንገባ መስጂድ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ የታመመ ሰው አለ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት በስፒከር ጩኸት ማለፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። ቂርአት ቢሆንም ያው ነው፤ ቁርኣን ሲነበብ ማዳመጥ ግዴታ የሚሆንበት አደብ አለው፣ በገበያ መሃል ከፍቶ ማለፍ ክብሩን አይጨምርለትም።

በእርግጥ ድምፅን ከሰው ጋር መካፈል የአገራችን ወግ ነው። የበርታ ዋዛ ከቅል የተሠሩ ረጃጅም መለከቶች ናቸው። አንዱ መለከት ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ በተራው ሲያስገባ ነው ዜማው የሚሞላው። ሰው ተጠርቶ፣ ተሰብስቦ፣ ፈልጎ ይሰማዋል። በሞተር ላይ እየበረረ የሚያልፍ ስፒከር ግን ማንንም አልጠራም፣ ማንንም አልጠየቀም።

✦ የተስማማንበት

1. ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሄልሜት ይቅደም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። ስፒከር ይህን አያደርግም።

2. ሦስታችን የሄልሜት ስፒከር መረጥን። ድምፁን ሞተሩ ቆሞ እንመርጣለን፤ ከዚያ መንገድ ላይ አንጨምርም። ካልተሰማን ፍጥነት እንቀንሳለን።

3. አስተማሪው ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ በአንድ ጆሮ ኢርፎን ይበቃኛል አለ። በቀኝ ጆሮው ነው የሚያደርገው፤ በአገራችን የሚቀድመን መኪና በግራ ስለሚመጣ ግራ ጆሮ ነፃ ይሁን። ስልኩ ላይም «ሞኖ» የሚለውን አብርቷል። ያለዚያ በሌላው ጆሮ በኩል የተቀዳው ድምፅ ይጠፋል፤ የዋዛውም ግማሽ መለከት ይቀራል።

4. መንገድ ላይ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ሁሉንም ከቤት ሜሞሪ ላይ እንጭናለን። አንድ ሰዓት ሙሐደራ በ64 ኪሎ ቢት ጥራት 29 ሜጋ ባይት ገደማ ብቻ ነው፤ 16 ጊጋ ሜሞሪ ከ500 ሰዓት በላይ ይይዛል። ተራውን አስቀድመን ስለምንደረድር እጃችን ስልክ አይነካም።

5. ገበያ፣ መስቀለኛ መንገድ፣ ከብት የሚነዳበት ቦታ፣ ዝናብና ጭቃ ላይ ሁሉም ይዘጋል። አራተኛው ምርጫ ያልነው ይህ ነው።

6. ማንጎ ነጋዴው መሪ ላይ መግጠሙን ትቶ በእጅ የሚያዝ ብሉቱዝ ስፒከር ገዛ። መንገድ ላይ ቦርሳው ውስጥ ነው። ገበያ ደርሶ ማንጎውን ሲዘረጋ፣ ጎረቤቶቹን አስፈቅዶ ይከፍተዋል።

ዕቃ አድራሹ ጓደኛችን ሄልሜቱ ውስጥ ስፒከር አለው፤ መድፈኛም ይጠቀማል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮውን ያሳርፋል። የጆሮው ጩኸት ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ እንዲብስበት ግን አንፈልግም። እናቱም አሁን ነገሩን ስላወቀች ከጓዳ አትጠራውም፤ መጥታ ትከሻውን ትነካዋለች።

ወንድሞቻችን፣ የእናንተስ ልምድ ምንድን ነው? ሐዋሳ፣ ጅማ፣ ደሴ፣ ድሬ ያላችሁ ሞተረኞች ምን ትጠቀማላችሁ? ጻፉልን፣ እንማማር። ጆሮው የሚጮኽበት ጓደኛ ያላችሁም ዛሬውኑ አድርሱለት፤ የቀረውን ለመጠበቅ ገና ጊዜ አለው።

አላህ መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።