መለዮህን ለብሰህ የመጣህ ዕለት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እሑድ ዕለት ከናሽናል ጋርድ ልምምድህ በቀጥታ መጣህ። እናትህ በሩን ከፍታ መለዮህን ስታይ ሳትስምህ ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ አንተም ከፍቶህ ምሳህን ሳትጨርስ ተነሣህ። ከሄድክ በኋላ ምጣዱ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። እስከ ዛሬ መርዶው እንኳ አልደረሳትም።

አንድ ቀን ለምርጫ እወዳደራለሁ ትለኝ የለ? እንግዲያው ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለ ሃሪ ትሩማን ላጫውትህ። እ.ኤ.አ. በ1905 በሚዙሪ ናሽናል ጋርድ ሲመዘገብ ገና የ21 ዓመት የባንክ ጸሐፊ ነበር። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ መግባት አልሆነለትም። በጋርዱ ተራው ወታደር በሳምንት አንዴ ለመለማመድ 25 ሳንቲም ከራሱ ኪስ ይከፍል ነበር። ሰማያዊውን መለዮ ሲያገኝ ደስ ብሎት ሴት አያቱን ሊያሳይ ገጠር ወረደ። አያቱ ግን ሁለተኛ እዚህ ቤት ለብሰኸው እንዳትመጣ አሉት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ሰማያዊ ለባሾቹ የሰሜን ወታደሮች እርሻቸው ድረስ መጥተው አሳማዎቻቸውን ፈጅተው፣ ጎተራቸውን አቃጥለው፣ የብር ዕቃቸውን ዘርፈው ነበር። አርባ ዓመት ቢያልፍም ለእሳቸው ልብሱ ያው ልብስ ነው።

ትሩማን ያንን መለዮ ዳግመኛ እዚያ ቤት ይዞ አልሄደም። ከጋርዱም ግን አልወጣም፤ እስከ 1911 አገለገለ። በ1917 ተመልሶ ሲገባ ወታደሮቹ ራሳቸው መቶ አለቃ አድርገው መረጡት። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ የመድፈኞች ሻምበል ሆኖ የጀርመን መድፍ ሲዘንብባቸው ብዙዎቹ ሸሹ፤ እሱ ከቦታው ሳይነቃነቅ እየጮኸ መለሳቸው። ፖለቲካ ከገባ በኋላም የተጠባባቂ መኮንንነቱን አልተወም፤ እስከ ኮሎኔልነት ደርሷል።

በ1948 ፕሬዚዳንት ሳለ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ዘር ሳይለይ ሁሉም በእኩል ዓይን እንዲታይ ያዘዘው ይኸው ሰው ነው። ዛሬ አንተ ከነጩ ጓደኛህ ጎን በአንድ ሰልፍ የምትቆመው በዚያ መንገድ ነው። በመለዮህ አትፈር፤ እኔም ኮርቼብሃለሁ።

የሚቀጥለው ወር ልምምድ ሲያልቅ ግን ልብስህን ቀይረህ ግባ። ከእናትህ አጠገብ ቁጭ በልና ስለ አጎትህ ጠይቃት። ፎቶግራፉ ኮመዲኖው የላይኛው መሳቢያ ውስጥ ነው።

አባትህ