ከሀ መጀመር፦ የዳግም ጅማሮ ማራኪነት በጨዋታና በበይነመረብ ሕይወት

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረት ዳግም ጅማሮን በጥርጣሬ ይመለከታል። የበይነመረብ ተጫዋቾች ግን ጉልቻውን ደጋግመው ይለውጣሉ፤ ወጡም ይጣፍጣቸዋል።

ሩንስኬፕ የተሰኘው ጨዋታ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2001 በእንግሊዝ አገር የተጀመረው ይህ ጨዋታ በ2012 መገባደጃ የውጊያ ሥርዓቱ ከመሠረቱ በመለወጡ ብዙ ነባር ተጫዋቾችን አስኮረፈ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድርጅቱ በነሐሴ 2007 ተቀድቶ የተቀመጠ የጨዋታው ቅጂ ስለነበረው ቅጂው ይመለስ እንደሆነ ተጫዋቾቹን በድምፅ ጠየቀ፤ በየካቲት 2013ም አሮጌው ዓለም ዳግም ተከፈተ። አሮጌው ሀብት ግን አልተመለሰም። ለዓመታት ጥሪት ያካበተውም ትናንት የገባውም እኩል ባዶ እጁን ጀመረ። ብዙዎች ይህን ወድደው መቀበላቸው በናፍቆት ብቻ የሚብራራ አይመስልም።

የተሻለው ማብራሪያ በጨዋታው ስሌት ውስጥ ይገኛል። የእያንዳንዱ ሙያ ደረጃ ከ1 እስከ 99 ይዘልቃል። 2ኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ 83 የልምድ ነጥብ ይበቃል፤ ለ99ኛው ግን 13,034,431 ያስፈልጋል። የመንገዱ እኩሌታ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ 92ኛው ደረጃ ነው። ጀማሪው በደቂቃዎች ውስጥ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ነባሩ ለአንዲት እርከን ቀናት ይለፋል። ከሀ የሚጀምር ሰው እንግዲህ ሀብቱን ሰጥቶ ልፋቱ ወዲያው የሚታይበትን ዘመን ይገዛል። ነገሩን ምቾት ፍለጋ ብሎ መናቅ ግን አያስኬድም፤ በ2014 ከሌሎች ጋር መገበያየትን የሚከለክል የአጨዋወት ስልት ሲፈቀድ፣ ከቀድሞው የከበደውን መንገድ ፈልገው ከባዶ የጀመሩ ጥቂት አይደሉም።

ዳይ፣ ሚልክማንና ሪስ በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በሴሚስተር መጀመሪያ ወደ ስፖርት ማዘውተሪያ አዘውትረው እንደሚሄዱ አሳይተዋል። አዲስ ምዕራፍ ሰውን ካለፈው ጉድለቱ ይለየዋል የሚለው ማብራሪያቸው አሳማኝ ነው፤ የተሳካለት ተጫዋችም ስኬቱን ጥሎ ለምን እንደሚነሣ ግን አይነግረንም።

ከጨዋታ ውጭ ነገሩ ይከብዳል። ሩንስኬፕ የሁሉንም መዝገብ በአንድ ጊዜ ባዶ አደረገ፤ አዲስ አካውንት የሚከፍት ሰው ግን የሚያጠፋው የራሱን ብቻ ነው፤ የሌሎች ትውስታ ባለበት ይኖራል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በግንቦት 2014 የሰጠው ውሳኔም ቢሆን በሰው ስም ሲፈለግ የሚወጣው ማያያዣ እንዲነሣ የሚያስችል እንጂ ገጹን ራሱን የሚሰርዝ አይደለም። መንገዱ ይዘጋል፤ ቤቱ ይቀራል። በአዲስ ስም የገባውም ሰው ገና ደጃፉ ላይ ሳለ፣ መተግበሪያው በስልኩ የመዘገባቸውን ሰዎች ዝርዝር እንዲያካፍል ይጠይቀዋል።