ሦስቱ እሸቴዎች እና አንድ የቢራ ቆርኪ

ነገሩ የተጀመረው ሱሉልታ፣ አንድ ቁርጥ ቤት ግድግዳ ላይ በተቸነከረ የሙዚቃ ሸክላ ነው። የመሃል ቀዳዳው ለምስማሩ ሰፍቶ ኖሮ፣ ባለቤቱ የሜታ ቢራ ቆርኪ ደርበው አጥብቀውታል። ጸሐፊው ሥጋውን ትቶ አንገቱን ቢያሰግ ከቆርኪው ዙሪያ የተረፉት ሁለት ስሞች ብቻ ነበሩ፦ አምሃ እና ዓለማየሁ እሸቴ።

«ወንድሙ ነው ያሳተመለት» አሉ አጠገቡ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«የማን ወንድም፣ ጋሼ?»

«የዓለማየሁ ነዋ! አምሃ እሸቴ፣ ዓለማየሁ እሸቴ። አባት አንድ!»

ይህች ክርክር ጸሐፊውን ከዚህ ቀደምም ገንዘብ አስወጥታዋለች። ከዓመታት በፊት ቡራዩ፣ አንድ ሠርግ ላይ፣ «አይዛመዱም» ብሎ ሦስት ቢራ አስይዞ፣ ማስረጃ አጥቶ ከፍሏል። ቂሙ እስከ ዛሬ አልወጣለትም። እናም ከሱሉልታ እንደ ተመለሰ ማጣራት ያዘ። ልክ ነበር፤ አይዛመዱም።

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን ፍለጋው ሦስተኛ እሸቴ አመጣበት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ጀርመን ውስጥ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ ምኒልክ የላኳቸው ግን የመኪና ነገር እንዲማሩ ነበር። በሸክላ ታሪካችን መጀመሪያ አንድ እሸቴ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለት እሸቴ! ጸሐፊው ሦስቱን በአንድ የዘር ሐረግ ለማሰር ሳምንት ሙሉ ባዘነ። ያገኘው ዘመድ አንድ ብቻ ነው፤ የነጋድራስ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ። እሳቸው ደግሞ ስማቸው የገነነው በኳስ ነው፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የእሸቴዎቹ ሐረግ እዚያው ስታዲየም በር ላይ ተበጠሰ።

ወደ ሸክላ አሳታሚው አምሃ እንመለስ። በ1948 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ንጉሣዊ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትም የማሳተምም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ማኅበሩ ያዘነበለው ወደ ባህላዊው ዘፈን ነው። በስልሳዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በጊታርና በሳክስፎን ሲናወጡ፣ ያንን ድምፅ ሸክላ ላይ የሚያወጣው አልነበረም። አምሃ የሙዚቃ ሱቅ ነበረው፤ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት ነው። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ድንጋጌውን ጥሶ የመጀመሪያውን ሸክላ አወጣ። ቢበዛ ብታሰር ነው፣ ማንም አይገድለኝም ብሎ እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል። ዘፋኙ ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ፣ ዘፈኑም «ትማርኪያለሽ» ነው። የሁለት እሸቴዎች ስም አንድ ሸክላ ላይ ሲታይ ያገር ሰው ወንድማማች ቢያደርጋቸው ምን ይገርማል?

ሸክላው የታተመው ህንድ ነው፤ በኋላ ቤይሩትም ታትሟል። አገር ቤት ማተሚያ የለማ! በዚያው ዘመን ሰበታ የራሷን ሜታ ቢራ ጠምቃ፣ በጠርሙስ ሞልታ፣ ቆርኪ ትገጥም ነበር። ዘፈን ግን ባሕር ተሻግሮ ታትሞ መምጣት ነበረበት። ጸሐፊው ያንን የሱሉልታ ቆርኪ ባሰበ ቁጥር ይህ ያናድደዋል።

አምሃም አልታሰረም። ፊሊፕስም፣ ቆይቶም አሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው የአሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሪከርድስ»፣ በዚያው ገበያ ተሰለፉ። አምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ መቶ ያህል ነጠላ ሸክላና ደርዘን የሚሆን አልበም አሳተመ፤ ማህሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነ፣ ሙሉቀን መለሰ ሁሉም እጁ ገብተው ነበር። እሱው ያሳተመው የሙላቱ አስታጥቄ የ1974 አልበም «የካቲት» ይባላል። በዚያች የካቲት፣ በእኛ በ1966 ዓ.ም.፣ የፈነዳው አብዮት ነው የአምሃን ማሳተሚያ፣ አምሃ ሪከርድስን፣ ያዘጋው።

ሰዓት እላፊ መጣ። ማታ ካልተጨፈረ ማን ሸክላ ይገዛል? አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ምግብ ቤት ከፈተ። ካይፋ ትንሽ ገፋበት፤ የማህሙድን «ኧረ መላ መላ» ያወጣው እሱ ነው። ከዚያ ካሴት ነገሠና ሸክላ ወደ ቆጥ ወጣ። ሰዎች ደርግ ገደለው ይላሉ። ጸሐፊው ግን ደርግ ባይመጣም ካሴት አይምረውም ነበር ባይ ነው፤ ርካሽ ነበር፣ ማንም ሱቅ ውስጥ ያባዛው ነበር።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ሲዲዎች ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጽ የሚሸፍነው ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ነው፤ የአምሃ ሪከርድስ ዕድሜ ማለት ነው። ዛሬ ዋናዎቹን ሸክላዎች የውጭ አገር ሰብሳቢዎች በመቶ የሚቆጠር ዶላር አውጥተው ይገዟቸዋል።

አምሃ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አረፈ። ዓለማየሁ በዚያው ዓመት ነሐሴ ተከተለው። ጸሐፊው ይህንን ሁሉ ይዞ ሱሉልታ ሲመለስ ሽማግሌውን አገኛቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ «ይኸው! በአንድ ዓመት የሞቱት ወንድማማች ስለሆኑ ነው» አሉና ቁርጣቸውን ቀጠሉ።

የቁርጥ ቤቱ ባለቤት ሆይ፣ ክርክሩ ይቅርብን። ቆርኪውንና ምስማሩን ብቻ ይንቀሉልን።