ጣራዋ የተቆረጠው ቮልስ

ሰው የሚያምረውን እንጂ የሚያጸናውን ቶሎ አያይም። ይህን የተረዳሁት በወጣትነቴ፣ ኮልፌ ቀራኒዮ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ በቆመች አንዲት አሮጌ መኪና ላይ በፈጸምሁት ጥፋት ነው።

መኪናዋ አባቴ ያገለገለች ገዝተው ለብዙ ዓመታት የነዷት ቮልስዋገን ነበረች። የአዲስ አበባ ሰው ይህችን ጀርባዋ የጎበጠ መኪና በአጭሩ «ቮልስ» ይላታል። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። አሠራሯ ቀላል በመሆኑ በከተማችን በብዛት ትታይ ነበር፤ ዛሬም ጨርሳ አልጠፋችም። በታሪካችንም ስፍራ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር።

እኔ ግን በእርሷ አፍር ነበር። የመንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ሰሞን በአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ ጣራ የሌላት ቀይ የስፖርት መኪና ፎቶግራፍ አይቼ ልቤ ተሰቀለ። አባቴ ለለቅሶ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ በሄዱበት ሳምንት፣ ለወራት ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ይዤ ቮልሷን ወደ አንድ በያጅ ወሰድኋት። ሰውዬው «አባትህ ያውቃሉ?» ሲለኝ «አዎን» ብዬ ዋሸሁ። ጣራዋ ተቆርጦ ተነሣ፤ ቀይ ቀለምም ተቀባች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የዐሥር ዓመት ታናሽ እኅቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ። ነፋሱ ፊታችንን ይዳስሰዋል፤ የሰፈር ልጆች እየጮኹ ይከተሉናል። ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው ያለ አልመሰለኝም። አጠና ተራ አጠገብ ስንደርስ የፊት ጎማዋ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ከሥራችን እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማና የቀኙ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። እኅቴ ግማሽ አካሏ ውጭ ሆኖ ጮኸች። በአንድ እጄ መሪውን፣ በሌላው ቀሚሷን ጨብጬ እንደምንም መኪናዋን አቆምሁ። ከጉልበቷ መላላጥ በቀር ጉዳት አልደረሰባትም። በሩን ግን ብገፋውም፣ ብመታውም አልገጥም አለ። የመኪናዋ ወገብ ጎብጦ ነበር። በሩን በገመድ አስረን አንገታችንን ደፍተን ወደ ቤት ተመለስን።

አባቴ እንደ ተመለሱ ሁሉንም፣ ውሸቴን ጭምር፣ እኔው ራሴ ነገርኋቸው። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን የእኅቴን ጉልበት አዩ፤ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት፤ ከዚያም «ለመሆኑ ክረምት ሲመጣ ምን ልታለብሳት ነው?» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ አየር ጤና ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዘውኝ ሄዱ። ሽማግሌው ከሥሯ ገብተው ከመረመሯት በኋላ፣ «ልጄ፣ ጣራ ለፀሐይና ለዝናብ ብቻ መሰለህ? ማገር ነው እኮ! ፊቷንና ኋላዋን አያይዞ የያዘው እርሱ ነበር» አሉኝ። ክፍት ቮልስ በጀርመን አገርም ትሠራ እንደ ነበር የሰማሁት ከእርሳቸው ነው። ኋላ እንዳነበብሁት፣ ካርማን የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ከ330 ሺህ በላይ ክፍት ቮልሶችን ሠርቷል። ነገር ግን ፋብሪካው ጣራውን ሲያስቀር ከበሮቹ ሥር ያለውን አካል በተጨማሪ ብረት ያጠነክረው ነበር። ስለዚህ ክፍቷ ቮልስ ጣራ ካላት እኅቷ ይልቅ ትከብዳለች።

መካኒኩ ከተጋጨች መኪና ጣራ ቆርጠው ሊገጥሙላት እንደሚችሉ ነገሩን። አባቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የተቆረጠውን እንዳልተቆረጠ አናስመስለው። ክፍት ትሁን፤ ግን ትጽና» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የዋልሁት እዚያ ነው፤ ከዋጋው ከፊሉን የከፈልሁት በጉልበቴ ነበርና። ወገቧን በክሪክ ደግፈን፣ በበሮቹ ዙሪያ ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆን ድረስ ጥቂት በጥቂት አነሣናት። በሮቹ እንደ ተዘጉም ከሥራቸው ወፍራም ብረት ተበየደ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈግሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻም አንድ የመርካቶ ድንኳን ሰፊ ከሸራ የሚታጠፍ ጣራ ሰፋላት።

ሥራው ባለቀ ዕለት አባቴ የቀኙን በር ከፍተው መልሰው ዘጉት። በአንድ ጊዜ ግጥም አለ። ከዚያ እኅቴን ጠርተው «ግቢ፤ ወንድምሽ ይንዳሽ» አሏት። ይቅር እንዳሉኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኅቴ ግን ቶሎ አልገባችም። በሩን ራሷ ሦስት ጊዜ ከፍታ ከዘጋች በኋላ ነው የተቀመጠችው።

አባቴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቮልሷ ግን አለች። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አሮጌ ነገር ሁሉ አይነካ አልልህም፤ ከመቁረጥህ በፊት ግን ምን ተሸክሞ እንደ ቆመ ጠይቅ። መንገድ ላይ የሚያያት ሁሉ ቀይ ቀለሟን ያደንቃል። እኔ የምኮራው ግን ከበሯ ሥር ባለው፣ ማንም በማያየው ብረት ነው።