ከአፈሙዙ ጫፍ

ቅዳሜ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከኦሮራ ወደ ምሥራቅ ሲወጡ ቤቱ አልቆ የኮሎራዶ ሜዳ ይጀምራል። እዚያ ካለው የተኩስ መለማመጃ ስንደርስ የአደን ጓደኛዬ ጋሼ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው ሦስት የድምፅ ማፈኛዎች ፎጣ ላይ ደረደሩ፤ ተንደር ቢስት አልትራ 9፣ ሳይለንሰርኮ ኦሜጋ 300 እና ዴድ ኤር ሳንድማን ኤስ። ሦስቱም ለ.308 ጠመንጃ ይሆናሉ። ባለቤቱ አጠገብ እስካለ ድረስ ሌላ ሰው ቢተኩስባቸው ሕጉ አይከለክልም።

«ለመግዛት ካሰብክ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ለጊዜው ተወው። ጆሮህና ትከሻህ ይፍረዱ» አሉኝ።

መጀመሪያ ያለ ማፈኛ ተኮስን። የጆሮ መሰኪያ አድርጌ፣ በላዩም መከለያ ደርቤ እንኳ ድምፁ ደረቴን መታኝ። ከዚያ ኦሜጋውን አፈሙዙ ላይ አጠበቁልኝ። ፊልም ላይ የምናየው፣ ሹክ ብሎ የሚያልፍ ተኩስ የለም። አፈሙዙ ጋ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው እርሳሱ አየሩን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ጩኸት ሜዳውን ተከትሎ ይሄዳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የ.308 እርሳስ ደግሞ ከአፈሙዝ ሲወጣ 800 ሜትር ያህል ይበራል። ያንን ጩኸት የሚያፍን ማፈኛ አልተሠራም፤ ምክንያቱም ጩኸቱ የሚወለደው ከጠመንጃው ውጪ ነው። ማፈኛው የሚይዘው ከእርሳሱ ኋላ የሚፈነዳውን ጋዝ ብቻ ነው። በውስጡ መሃላቸው የተበሳ ግርዶሾች ተደርድረዋል፤ ጋዙ በየክፍሉ እየታገደ፣ እየተነፈሰና እየቀዘቀዘ ይወጣል።

በሦስቱም የመጀመሪያዋ ጥይት ከተከታዮቿ ይልቅ ትጮኻለች። በቀዝቃዛው ማፈኛ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ያልተቃጠለውን ጋዝ ያነደዋል፤ ከዚያ በኋላ ኦክስጅኑ ስላለቀ ድምፁ ይረጋል። ለአዳኝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አዳኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኩሰው ያችኑ የመጀመሪያዋን ነው።

ለእኔ ጆሮ አልትራ 9 ከሁሉም የለሰለሰ ነው። ኦሜጋ ትንሽ ሰላ ይላል፤ ሳንድማን ከእሱም ይብሳል። ርዝመት ማለት ለጋዙ ተጨማሪ ቦታ ነውና አልትራው በዘጠኝ ኢንቹ፣ ማለትም በ23 ሳንቲ ሜትሩ፣ ቢበልጥ አልደነቀኝም። ሁለቱ ሰባት ኢንች አካባቢ ናቸው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ማታ ስለ ዴሲቤል ሳነብ አመሸሁ። ያልታፈነ የ.308 ተኩስ አፈሙዙ አጠገብ ሲለካ 165 ዴሲቤል አካባቢ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ለድንገተኛ ድምፅ ያስቀመጠው ጣሪያ 140 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች 120 ይላል። ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ስለሚቀንስ ተኩሱን ከ130 እስከ 145 ወዳለው ያወርደዋል።

ሰው የሚሳሳተው ከ165 ላይ 30 ሲቀነስ ትንሽ ስለሚመስለው ነው። በዴሲቤል ስሌት አሥር በወረደ ቁጥር የድምፁ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ሠላሳ ወረደ ማለት ወደ አንድ ሺህኛ ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ በሁለት ማፈኛዎች መካከል ያለውን የሁለት ዴሲቤል ልዩነት አንስተው የሚከራከሩ ሰዎች ትልቁን ጉዳይ የረሱ ይመስለኛል።

ልኬቱ ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተለመደው ወታደራዊ መስፈርት ማይክሮፎኑ ከአፈሙዙ ጎን አንድ ሜትር ርቆ ይቆማል። የተኳሹ ጆሮ ግን ያለው ከሰደፉ ጋር ነው። በእጅ በሚቀባበል ጠመንጃ ልዩነቱ ብዙም አያሳስብም። በራሱ ጋዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ ግን ማፈኛው ያፈነው ጋዝ ወደ ኋላ ይመለስና ቀለህ በሚወጣበት ቀዳዳ ተኳሹ ፊት ላይ ይወጣል። አፈሙዙ ጋ ተለክቶ የተመሰገነ ማፈኛ ጆሮ ጋ ሲለካ ሊያሳፍር ይችላል። የበርሜል ርዝመት፣ የባሩዱ ዓይነት፣ የአየሩ ሁኔታ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጣሉ። የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ጎን አቁሞ ማወዳደር ለዚህ ነው የማይታመነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ዛሬ የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ገና ከመተኮሱ በፊት ዓይኑን ሲጨፍን አየሁት፤ ያለ ማፈኛ የተኮሳት ጥይት ከዒላማው ውጪ አረፈች። ሳንድማኑን ስናደርግለት ትከሻው ላላ፣ ዓይኑም ተከፈተ። «አጎቴ፣ ይሄ ሌላ ጠመንጃ ነው እንዴ?» አለኝ። ያው ጠመንጃ ነው።

ርግጫውን የሚቀንሱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ክብደት ነው፤ የከበደ ጠመንጃ በዝግታ ይገፋል። ሌላው ጋዙ ነው። እርሳሷ 11 ግራም ያህል ሆና በሰከንድ 800 ሜትር ትወጣለች። ከኋላዋ ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋው ባሩድ ጋዝ ሆኖ ከእርሷ በፈጠነ ፍጥነት ይወጣል። ሲባዛ ከጠቅላላው ግፊት ሩብ ያህሉ የጋዙ ነው። ማፈኛ መንካት የሚችለው ይህንን ድርሻ ብቻ ነው፤ የእርሳሷን ግፊት ምንም ዓይነት ብልሃት አይመልሰውም። ርግጫን በግማሽ እቀንሳለሁ የሚል የማፈኛ ማስታወቂያ ሳይ ይህን ስሌት አስታውሳለሁ።

አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው፣ ጋዙን በጎንና በጎን የሚረጨው ብሬክ ርግጫ በመቀነስ ከማፈኛ ይበልጣል። እዚህ ጋ ግን ፍርዴ ጠንካራ ነው። ብሬክ ድምፁን ወደ ተኳሹና ወደ ጎረቤቱ ይመልሳል። ከጎናችን ባለው ጠረጴዛ አንድ ሰው ባለ ብሬክ ትልቅ ጠመንጃ ይተኩስ ነበር፤ ልጁ በእያንዳንዷ ጥይት ይበረግግ ነበር። ለትከሻ ብሎ ጆሮን መክፈል፣ ያውም የሌላ ሰው ጆሮ፣ እኔ የምስማማበት ልውውጥ አይደለም።

በርግጫ ሳንድማን ኤስ አሸንፏል። ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ግርዶሾቹ ስቴላይት ከሚባለው፣ ሙቀትንና መፋቅን ከሚችል ብረት የተሠሩ ናቸው። በላይ በላዩ ለሚተኩስ ሰው የሚሆን ዕቃ ነው። ኦሜጋ 400 ግራም አካባቢ ነው። አልትራ 9 ሙሉ በሙሉ ታይታንየም ስለሆነ ረጅም ሆኖ ሳለ 340 ግራም ገደማ ነው።

ልጁ ከመሄዳችን በፊት የጋለ ማፈኛ ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ጋሼ ያዙት። ጥቂት ጥይት ይበቃዋል ቆዳ ለመላጥ። ሙቀቱ ማነጣጠሪያ መነጽሩ ፊት እየተንቀለቀለ ዒላማውን ያወዛውዘዋልም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ከኤልክ አደን ተመለስን። ኤልክ ወንዱ ቀንዳም የሆነ ትልቅ አጋዘን ነው፤ እኛ የፈለግነው እግር በሚፈትን ቁልቁለትና አቀበት፣ 3,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው። ፈቃድ የነበራቸው ጋሼ ናቸው፤ እኔ ስንቅ ተሸካሚ ነበርኩ፤ በየመሃሉም ጠመንጃውን እቀበላቸው ነበር።

ፎጣ ላይ የተቀመጠ 340 ግራምና ከ61 ሳንቲ ሜትር በርሜል ጫፍ የተንጠለጠለ 340 ግራም አንድ አይደሉም። አፈሙዙ ወደ መሬት ይጎትታል። በቆመበት አልሞ ለመተኮስ ክንድ ይዝላል። ዘጠኙ ኢንች ደግሞ በየአስፐን ዛፉ ቅርንጫፍ ይያዝ ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሼ ፈትተው ቦርሳ ውስጥ ሊከቱት አሰቡ፤ ተከራከርኳቸው። ጠመንጃው የተስተካከለው ማፈኛው ላዩ ላይ ሆኖ ነው። ሲፈታ ጥይት የምታርፍበት ቦታ ይለወጣል፤ በዚሁ ጠመንጃ በ100 ሜትር ላይ በጣቶች ስፋት ስትሸሽ በመስከረም አይተናል።

ሌላው ምክንያቴ ግን የበለጠ ያሳስበኛል። ተኩስ መለማመጃ ላይ ጆሮውን ያልሸፈነ ሰው አይገኝም። አደን ላይ ጆሮውን የሚሸፍን ጥቂት ነው፤ ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ እንስሳው ሲጠራ መስማት አለበትና። ስለዚህ ያልታፈነው ተኩስ ባዶ ጆሮ ላይ የሚወርደው ዱር ውስጥ ነው። ለእኔ ጥሩ ማፈኛ ማለት በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ደክሞት ሳለ፣ አሁንም ከአፈሙዙ ያልወረደው ነው። በሦስት ዴሲቤል የሚበልጥ ግን ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ማፈኛ ለጆሮ ምንም አላደረገም።

ጋሼ ንጋት ላይ አንዲት ሴት ኤልክ መቱ። ከተኩሱ በኋላ «ወደቀች?» ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው። ሰምተው መለሱልኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ጎንደር ደወልኩ። ከአጎቴ ጋር እንደተለመደው ልጃቸው ጆሯቸው ላይ እየጮኸች ነው ያወራነው። አጎቴ ምንሽራቸውን በሠርጉም በለቅሶውም ሲተኩሱ የኖሩ ናቸው። እኛ ልጆቹ ቀለህ ለመልቀም እንሻማ ነበር፤ ጆሮ የሚያስብ አልነበረም። ጀግና ጆሮውን አይዝም ይባል ነበር። አሁን የልጅ ልጆቻቸው ድምፅ አይለይላቸውም። ውስጥ ጆሮ ያለችው ፀጉር መሰል ሴል አንዴ ከሞተች አትተካም።

ማፈኛን ለገበያ ያበቃው ሂራም ፐርሲ ማክሲም ነው፤ የፈጠራ መብቱን በአሜሪካ ያስመዘገበው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። አባቱ ሂራም ስቲቨንስ ማክሲም በስሙ የሚጠራውን መትረየስ የሠራው ሰው ነው፤ ያ አባት መትረየሱን ሲተኩስ ሲፈትሽ ኖሮ ጆሮው ደንቁሯል። ልጁ የተነሣው ለአባቱ ጆሮ ብሎ እንደሆነ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም፤ ግን ሁለቱን ሳስብ አጎቴን አስባለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ከትናንት ጀምሮ የፌዴራል መንግሥቱ የማፈኛ ቀረጥ ዜሮ ሆኗል። በ1934 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ 200 ዶላር ነበር፤ በጊዜው የብዙ ሰው የወር ደመወዝ የሚያስንቅ ገንዘብ ነው። ምዝገባው ግን አልቀረም፤ ማመልከቻ፣ የጣት አሻራና ፎቶግራፍ ገብቶ የጦር መሣሪያ የሚቆጣጠረው የፌዴራል ቢሮ ኤቲኤፍ እስኪፈቅድ መጠበቅ ግድ ነው። የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ዲሲ ደውሎ «ለእኔም ይሆናል?» አለኝ። ዲሲ ማፈኛ መያዝ ክልክል ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ይፈቀዳል። ከ50ው ግዛት ስምንቱ ይከለክላሉ፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ከእነሱ መካከል ናቸው። ወገኖቻችን ከግዛት ግዛት ሲዘዋወሩ ይህን ማወቅ አለባቸው፤ ያልተመዘገበ ማፈኛ ይዞ መገኘት በፌዴራል ሕግ እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል።

ዛሬ አሻራዬን ሰጥቼ ማመልከቻዬን አስገባሁ። የመረጥኩት አልትራ 7ን ነው፤ ከ9ኙ ታናሽ፣ እሱም ታይታንየም። ጥቂት ዴሲቤል ይበለጣል፤ ከርግጫውም ሳንድማን የሚያቀለውን ያህል አያቀልልኝም። በምላሹ አጭርና ቀላል ስለሆነ ከጠመንጃው አይወርድም። ለእህቴ ልጅ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ሲመጣ ራሱ የሚዘጋ፣ ንግግር ግን የሚያሳልፍ ኤሌክትሮኒክ የጆሮ መከለያ አዘዝኩለት፤ ማፈኛ ቢኖርም ድምፁ እስከ 120 አይወርድምና እሱ ሁለቱንም ያደርጋል።