ስለ እንግሊዝኛ ሁለት የኃላፊ አነጋገሮች

በልጆቻችን ትምህርትና በየመሥሪያ ቤታችን የጽሕፈት ሥራ እንግሊዝኛ ከገባ ወዲህ ብዙዎቻችን የምንቸገርበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የተጻፈውን ነገር ስንናገር «ሮት» እንበል ወይስ «ሃዝ ሪትን» እንበል የሚለው ነው። ሁለቱም የሆነውን ነገር ይናገራሉ፤ ነገር ግን ባንዱ ፋንታ ሌላውን ማግባት ምስጢሩን ይለውጠዋል።

መምህራን ሲያስረዱን የመጀመሪያውን «ጻፈ»፥ ሁለተኛውን «ጽፏል» ብለው፥ ይህንንም የቅርብ ኃላፊ እያሉ ነው። ለመነሻ ያህል መልካም ነው። ይሁን እንጂ «የቅርብ» የሚለው ስም ተማሪን ያሳስታል ብለን እናምናለን፤ እንግሊዞች የሚመለከቱት የጊዜውን ርቀት አይደለምና። እንግዳው ከአንድ ደቂቃ በፊት ከደጃችን የወጣ እንደ ሆነ፥ ጊዜው እጅግ ቅርብ ሳለ፥ «ሂ ሌፍት ኤ ሚኒት አጎ» ይባላል እንጂ «ሃዝ ሌፍት» አይባልም። ሰው በዚህች ምድር ላይ ብዙ ሺሕ ዘመን ኖሯል ለማለት ግን «ሃዝ ሊቭድ» ይላሉ። ልዩነቱ ያ ጊዜ ተዘግቷል ወይስ እስከ ዛሬ ክፍት ነው በሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ «ትናንት» ወይም «አምና» ተብሎ ያለፈው ጊዜ በስሙ ከተጠራ «ሃዝ» ስፍራ የለውም። እኛ ባማርኛ «ትናንት ደብዳቤውን ጽፌልሃለሁ» ብንል የሚነቅፈን የለም፤ ይህንኑ ቃል በቃል ብንመልሰው ግን እንግሊዝኛው ይበላሻል። ፈረንሳይኛ የተማሩ ሰዎችም በዚሁ ይሰናከላሉ፤ ፈረንሳዮች ሲነጋገሩ ረዳት ግስ ያለበትን ኃላፊ ከ«ትናንት» ጋራ ያለ ችግር ያስኬዱታልና።

የተናጋሪው መኖርና አለመኖርም ይታሰባል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ፤ በሕይወት ሳሉ ስለ ድርሰታቸው «ሃዝ ሪትን» ማለት ይቻል ነበር። በ1996 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ግን «ሮት» ይባላል፤ አለዚያ እንግሊዛዊው አንባቢ ዛሬም ብዕራቸውን እንደ ያዙ ይመስለዋል።

ይህ ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን በቤተ ዘመዳችን መካከል አይተናል። እናታችን ታመው በተኙ ጊዜ፥ በአሜሪካ አገር ተወልዳ አማርኛ ማንበብ ለማትችለው የልጅ ልጃቸው ከቤታችን ወጣቶች አንዱ በእንግሊዝኛ ጻፈላት፤ ቃሉም «ግራንድማዘር ዎዝ ሲክ ፎር ስሪ ዊክስ» የሚል ነበር። እርሱ ሊል ያሰበው ሦስት ሳምንት ሙሉ ታመዋል፥ እስካሁንም አልተነሡም ነው። ልጅቱ ግን ታመው ነበር፥ አሁን ድነዋል ብላ ተረድታ አምላኳን አመሰገነች፤ ጉዞዋንም ወደ ገና አዘገየች። «ሃዝ ቢን ሲክ» የሚል ቢደርሳት ኖሮ በዚያው ሳምንት በተሳፈረች ነበር። እውነቱን በስልክ የሰማችው ከዐሥር ቀን በኋላ ነው። በደረሰች ጊዜ እናታችን ፊቷን ለይተው አወቋት፤ ለመነጋገር ግን አቅም አልነበራቸውም። ወጣቱ ብልህ ነው፥ ሰዋስውም ተምሯል፤ ዳሩ ግን «አሁንስ እንዴት ናቸው?» ለሚለው ጥያቄ የእንግሊዝኛው ግስ ራሱ መልስ እንደሚሰጥ ማንም አልነገረውም።

«ዛሬ ጧት» የሚለው ነገር ደግሞ ያስቃል። ጧቱ ሳያልፍ «ሃቭ ዩ ሲን ሂም ዚስ ሞርኒንግ?» ብሎ የጠየቀ እንግሊዛዊ፥ ከቀትር በኋላ ያንኑ ሲጠይቅ «ዲድ ዩ ሲ ሂም?» ይላል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ፀሐይ ብቻ ዘወር ብላለች።

በአሜሪካ ያደጉ ልጆች በማዕድ ላይ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ቢሉ ወላጆች አይቈጧቸው። በለንደን «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» የሚባለውን ብዙ አሜሪካውያን ሲነጋገሩ እንዲህ ማለት ለምደዋል። ስለ ሕመምተኛ የተናገርነው ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው።