ጎሐ ጽዮን ላይ ኮፈን ሲከፈት

ከአዲስ አበባ ተነስተው በሱሉልታ፣ በጫንጮና በፍቼ በኩል 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ጎሐ ጽዮን ይደርሳሉ። እስከዚያ ድረስ መንገዱ ለሰውም ለመኪናም ደግ ነው፤ ሜዳው ሰፊ፣ አየሩ ቀዝቃዛ። ከከተማዋ ጥቂት እንዳለፉ ግን መሬቱ ድንገት ይሰነጠቅና የዓባይ በረሃ ከፊትዎ ይዘረጋል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርድዎታል፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ያስወጣዎታል። መኪናዎ የደበቀው ሕመም ካለ የሚወጣው እዚያ ዳገት ላይ ነው።

የእኛው ግን ደግነቱ ቀደም ብሎ አፉ ላይ ተያዘ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ እናቴንና ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ፣ ባለ ቱርቦ ናፍጣ መኪናችን ሞተሩ ወርዶ ከታደሰ ገና ወሩ ነበር። የወጣበት ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው ላይ ነው። ከእድሳቱ ወዲህ የራዲያተሩ ውሃ በየሳምንቱ አንድ ጣት ያህል ይጎድላል፤ መኪናው የሚያድርበት ወለል ግን ደረቅ። ሞተሩን የሠራው ባለሙያ «የገባው አየር እየወጣ ነው» አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይህ ትክክል ነው። ወር ሙሉ የሚወጣ አየር ግን የለም።

ጎሐ ጽዮን ለምሳ ቆመን ስንወርድ ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ጣፋጭ ሽታ መጣ። የኩላንት ሽታ ነው። የሙቀት መለኪያው መሃል ላይ ስለነበር ሚስቴ «እንሂድ፣ ምንም የለውም» አለች። እኔም ልስማማ ነበር። ከመንገዱ ዳር ትንሽ ጋራዥ የነበራቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ሽታውን ሰምተው ጠጋ አሉ።

«ጋሼ፣ ልውረድ?» አልኳቸው።

«ሳላየው አትወርድም፣ ልጄ። ክዳኑንም እንዳትነካ፤ ፊትህን ይልጥሃል።»

በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞቀ ሞተር ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ኩላንቱና በተዘጋው መስመር ውስጥ የሚታመቀው ግፊት ነው። በትንሽ ቀዳዳ የሚያመልጠው እንግዲህ ውሃ ብቻ አይደለም። ዳገቱ መሃል ግፊቱ ሲወድቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ገንዘብም አብሮ።

ሁለት ሰዓት ያህል አቀዘቀዝነው። እናቴ በዚያ መሃል ከመካኒኩ ባለቤት ጋር ቡና ላይ ተቀምጣ ዘመድ መቁጠር ጀምራለች። ከዚያ አዛውንቱ ክዳኑን ከፍተው «አስነሳው» አሉኝና አንገቱን አተኩረው አዩ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ከነደደ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ውሃው ይገባና አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። አረፋ አልነበረም። ዘይቱንም መዝዘው አዩት፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና አልመሰለም። ነጭ ጭስም የለም። እኔ ያን ጊዜ ነው የተነፈስኩት። ከፊት ወንበር ሥር ያለውን ምንጣፍ ዳሰሱ፤ ደረቅ። የውሃ ፓምፑን ከሥር አዩ፤ ደረቅ።

በመጨረሻ ባትሪ አብርተው ቱርቦው ጎን አጎነበሱ። ወደ ቱርቦው ውሃ የምታመላልሰው ቀጭን ቱቦ መጋጠሚያዋ ላይ ሮዝ ቅርፊት ሠርታለች፤ የደረቀ ኩላንት። ጠብታው የሚያርፈው እንደ ምጣድ በጋለ ብረት ላይ ስለሆነ መሬት ሳይደርስ ተንኖ ያልቃል። እኔ ወር ሙሉ ካርቶን እያነጠፍኩ ወለል ስመረምር ነበር!

መጋጠሚያዋ ሲፈታ ምክንያቱ ታየ። ሞተሩ ሲገጠም የድሮዎቹን የመዳብ ሮንዴላዎች መልሰው አስገብተዋቸዋል። መዳብ አንዴ ከተጨፈለቀ ይጠነክራል፤ ሁለተኛ ሲጠብቅ ክፍተቱን አይሞላም። አዲስ ሮንዴላ በልኩ አልተገኘም። አዛውንቱ አሮጌዎቹን በብየዳ እሳት አግለው ውሃ ውስጥ ነከሯቸው፤ እሳቱ መዳቡን መልሶ ያለሰልሰዋል። ፊታቸውን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገው አጠበቋቸው። «አዲስ አበባ ስትመለስ ግን በአዲስ ለውጣቸው» አሉኝ።

እርስዎም ሞተር ሲያሳድሱ ጓርኒሲዮኑን ብቻ ሳይሆን ስለ ሮንዴላዎቹም ይጠይቁ። የብዙ ሺህ ብር ሥራ የሚያበላሹት ከሁሉም የረከሱት ዕቃዎች ናቸው።

እዚያው አደርን። ጠዋት ውሃው ምልክቱ ላይ ነበር፤ ወረድን። በረሃው በማለዳ ሲያዩት ያምራል፤ ገደሉ በድርብርብ ቀለም ይወርዳል፣ ሙቀቱም በየመታጠፊያው ይጨምራል። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 በተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ድልድይ ከጎኑ አለ። ከዚያ ዳገቱ። ኤሲውን አጥፍቼ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ ከጭነት መኪናዎቹ ኋላ ቀስ አልኩ። ትልቁ ልጄ አንገቱን አስግጎ መለኪያውን ይጠብቃል።

«አባዬ፣ ትንሽ ከፍ አለ።»

«ስንት?»

«የጥፍር ያህል።»

ከዚያ አላለፈም። ደጀን ደርሰን ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ከፈትኩ። ውሃው ጠዋት የተውኩት ቦታ ነበር። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ዛሬም ቡና ልናፈላ ነው?» አለችኝ።